ጡጦውን ይዞ አይተኛ

ልጄ፣

ትናንት ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሐኪሟ በማሙሽ የፊት ጥርሶች ላይ፣ ድዱ ሥር፣ ነጭ ነጭ ነገር አየች ያልሽኝ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ገና ሁለት ዓመቱ! ነጭ ሳለ ከደረሱበት ጥርሱ ሊያገግም ይችላል። ከተቦረቦረ ግን በራሱ አይድንም። አትደንግጪ፤ ግን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ጡጦውን ይዞ አይተኛ።

"ጭማቂው ስኳር አልተጨመረበትም" አልሽኝ። እውነት ነው፣ አልተጨመረበትም። ግን ፍሬ ሲጨመቅ ስኳሩ ይወጣል፣ አሰሩ ይቀራል። 200 ሚሊ ሊትር የፖም ጭማቂ 20 ግራም ገደማ ስኳር አለው። አምስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ያችን ለምታህል ሆድ! ፍሬውን ራሱን ስጪው፣ እያኘከ ይብላ። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳን ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስኳር የገባበት መጠጥ ጭራሽ አይሰጠው፣ ንጹሕ ጭማቂም ይገደብ ይላል።

አሁን ደግሞ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። አባትሽ የሌሊት ፈረቃ በሚገባበት ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ። ስታለቅሺ ወተትሽ ላይ ስኳር ጨምሬ ጡጦውን አፍሽ ውስጥ እተወው ነበር። ዝም ትያለሽ። እኔም ጋደም እላለሁ። ልጅ ሲተኛ ምራቁ እንደሚቀንስ፣ ስኳሩ ጥርስ ላይ እንደሚያድር፣ ባክቴሪያውም ወደ አሲድ እንደሚለውጠው አላወቅሁም። በአራት ዓመትሽ የላይ አራቱ ጥርሶችሽ ተነቀሉ። ያንን የልደት ፎቶ ታስታውሺዋለሽ። ልጆቹ ሁሉ ሲስቁ አንቺ አፍሽን ገጥመሻል። ሰው ሁሉ "እንዴት ጨዋ ልጅ ናት" ይለኝ ነበር። ጨዋነት አልነበረም። አፍረሽ ነው። ያፈርሽውም በኔ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ስሚኝ። ጡጦውን ይዞ አይተኛ! ወተቱን በኩባያ ይጠጣ፣ ከመተኛቱ በፊት። ከዚያ ጥርሱን ቦርሺለት፤ ፍሎራይድ ያለው ሳሙና፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ብቻ። ጠዋትም እንደዚሁ። ከማታው ብሩሽ በኋላ ውኃ እንጂ ሌላ አይቅመስ። የወተቱ የራሱ ስኳር አያሳስብሽ፤ ሌሊቱን ሙሉ አፉ ውስጥ ማደሩ ነው ጉዳቱ። የሕፃን ምግብ ስትገዢ ጀርባውን አንብቢ። ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ ማልቶስ፣ ሽሮፕ ካለ ያው ስኳር ነው። ባልሽም ሲያለቅስ በብስኩት ማባበሉን ይተው፣ እኔ እንዳልኩት ንገሪው።

ለልደቱ ኬክ ይቆረስለት፣ ትንሽ ይቅመስ። እኔን የሚያስጨንቀኝ የየሌሊቱ ነው።

አንቺ መጥፎ እናት አይደለሽም፣ የኔ ዓለም። ደክሞሻል። ድካሙን አውቀዋለሁ።

እሑድ እመጣለሁ። ጡጦውን ስንከለክለው ጥቂት ሌሊት ማልቀሱ አይቀርም። እኔ አቅፌው አነጋለሁ፣ አንቺ ተኚ። ትርፍ ብርድ ልብስ ሶፋው ላይ አስቀምጪልኝ።

እናትሽ