ጣሪያው ወርዷል፤ ግድግዳው ግን ቆሟል። ከክረምቱ በፊት ድረሱልን!

ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ወሬው ሳይደርሳችሁ አይቀርም። ባለፈው ሳምንት ሌሊቱን በጣለው ዝናብ የአሮጌው ቤታችን የጓሮ በኩል ጣሪያ ወርዷል። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጠዋት ስንደርስ ትልቁ አግዳሚ ከግድግዳው ተነቅሎ አዳራሹ መሃል ተጋድሞ አገኘነው። መሃሉ አሁንም ሚስማር የማያስገባ ጠንካራ እንጨት ነው። ግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ የኖረው ጫፉ ግን በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል።

«ለቤቱ ጥገና ስናዋጣ ከርመን ጣሪያው እንዴት ወደቀ?» እያላችሁ እኛን የጥገናውን ኮሚቴ እየጠየቃችሁን ነው። መጠየቃችሁ ትክክል ነው፣ መልሱም አለን።

የመጀመሪያው ዙር ገንዘብ የገባው ግድግዳው ላይ ነው። ድሮ ቤቱን ለማሳመር ተብሎ በሲሚንቶ ተለስኖ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በድንጋይና በኖራ የተሠራ ግድግዳ እርጥበት ያስገባል፣ መልሶም ያስወጣል። ሲሚንቶ ሲለብስ መውጫ ያጣል፤ እርጥበቱ ውስጥ ለውስጥ ተቀምጦ ኖራውን ያላላዋል፣ የእንጨቱን ጫፍ ያበሰብሰዋል። አግዳሚያችንን የበላው ይኼ ነው፣ ያውም ለዓመታት። ስለዚህ ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ፣ ድንጋዩ እንዳይጎዳ ቀስ እያልን አስነሳን፤ ከዚያ በኖራ አስለሰንን። ኖራ በአንድ ሁለት ቀን አይጠነክርም፤ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ሳምንታትና ወራት ይወስዳል። ቶሎ እንዳይደርቅም እርጥብ ጆንያ ማልበስ ያስፈልጋል። «ግድግዳ ውሃ ሲያጠጡ ይውላሉ» የተባልነው ያኔ ነው። ያ ሥራ ባይሠራ ጣሪያው ግድግዳውን ይዞት ይወርድ ነበር ብለን እናምናለን። ሄዳችሁ እዩት፣ አዲስ ስንጥቅ የለውም።

ሁለተኛው ወጪ ልኬትና ሥዕል ነው። «ለወረቀት ከፈሉ» ተብለናል፤ እውነቱን ለመናገር ይኼ በጣም አሳዝኖናል። እያንዳንዱ በር፣ መስኮትና ወራጅ ተለክቶ ፎቶ ተነስቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው፣ ስለ ቅርስ ጥገና የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ሰነድ የቬኒስ ቻርተር፣ ጥገና ግምት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ መቆም አለበት ይላል። የወደቀው ጣሪያ ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ ሳንገምት የምናውቀው በእነዚያ ወረቀቶች ነው። ደረሰኙ ሁሉ ፋይል ውስጥ አለ፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣና ይይ።

ለጣሪያው የታሰበው የሁለተኛው ዙር መዋጮ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ቃል የገባው ብዙ ነበር፣ ያስገባው ጥቂት። ኑሮ ለሁሉም ከብዷልና ማንንም አንወቅስም። የእኛም ጥፋት አለ፤ የተቀደደውን አሸንዳ ቀድመን ማስጠገን ነበረብን።

«ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል፣ አሁን የሚመለከተው ያድሰው» የምትሉም አላችሁ። መመዝገቡ እንዳይፈርስ ይረዳል እንጂ ቆርቆሮ አይገዛም። የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ማውንት ቬርነን እንኳ የዳነው በመዋጮ ነው። አን ፓሜላ ከኒንግሃም የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1853 ሴቶችን ማስተባበር ጀመረች፤ በ1858 ቤቱን በ200,000 ዶላር ለመግዛት ተዋዋሉ። ያኔ የበረንዳው ጣሪያ በመርከብ ምሰሶ ተደግፎ ነበር የቆመው። ማኅበራቸው ቤቱን ዛሬም ያስተዳድራል። በሌላ በኩል ደግሞ የኒውዮርኩን ፔን የባቡር ጣቢያ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1963 መፍረስ ጀመረ፣ ታሪካዊ ሕንፃዎችን የሚጠብቀው የከተማዋ ሕግ የወጣው በ1965 ነው። ለጣቢያው አልደረሰለትም።

እዚህ ቤት ውስጥ ማን እንደተዳረ፣ ማን እንደታረቀ ለእናንተ አንነግራችሁም። የደጃፉ ድንጋይ መሃሉ የጎደጎደው በአባቶቻችንና በእናቶቻችን እግር ነው። አደራ ነው የተቀበልነው። ባለንበት ዘመን ውሃ ከበላው፣ ልጆቻችን ሲጠይቁን ምን እንላለን?

አሁን በአስቸኳይ የሚያስፈልገው ሸራና የእንጨት ድጋፍ ነው፤ የተከፈተው ግድግዳ አናቱ ላይ ውሃ እየጠጣ ነው፣ እንዲህ ሆኖ ክረምቱን አይዘልቅም። ከዚያ አሸንዳው ይቀጥላል፣ ከዚያ አዲሱ አግዳሚ። አሮጌውን አግዳሚ አንጥለውም፤ የበሰበሰው ጫፉ ተቆርጦ ደህናው በአዲስ እንጨት ይቀጠላል።

ገንዘቡን የምታስገቡት በዚያው በድሮው የኮሚቴው ሂሳብ ነው። ቁጥሩ አልተቀየረም፤ በፊት በተሰጣችሁ ደረሰኝ ላይ አለ፣ በቤቱ በር ላይም ለጥፈነዋል። ሂሳቡ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይንቀሳቀስም። ስታስገቡ ምክንያቱ ላይ «ለጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፤ ስክሪንሾቱን ለገንዘብ ያዣችን ላኩ፣ ደረሰኝ ትቆርጥላችኋለች። ደግመን እንላለን፣ በኮሚቴው ስም ካልሆነ በግለሰብ ስም አታስገቡ። በግል ሂሳብ አስገቡልን የሚል ቢደውልላችሁ እኛ አይደለንም። «ለጣሪያ» ማለቱንም አትርሱ፤ ያለፈው ጊዜ ሳይጻፍበት የገባውን ለመለየት ብዙ ተቸግረናል።

ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ። ገንዘብ የሌለው ጉልበት ያዋጣ። ሸራውን ቅዳሜ ጠዋት እንወጥራለን፤ ረጅም መሰላል ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ያለን አንድ ብቻ ነው።