ታወር በሌለበት ሜዳ፦ የአቪዬሽን ክበባችን ዓመት

ዘንድሮ ስለ ክበባችን ደጋግሞ የቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ቦሌ ኤርፖርት ታወር፣ ማለትም የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ፣ አለው። ልጆቹ ታወር ስለሌለው ሜዳ መማራቸው ምን ይጠቅማል?» ባልደረቦቼ የጠየቁኝ በቅንነት ስለሆነ እኔም በቅንነት ልመልስ። በአሜሪካ ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት 5000 ገደማ ኤርፖርቶች ታወር ያላቸው 500 ያህል ብቻ ናቸው። በተቀሩት ላይ «እረፍ» ወይም «ቆይ» የሚል ተቆጣጣሪ የለም። ፓይለቶቹ በአንድ የጋራ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ የት እንዳሉ ይናገራሉ፣ ይደማመጣሉ፣ በዓይናቸውም ይፈላለጋሉ። ከልጆቻችን አንዱ ፓይለት ከሆነ፣ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ማረፉ አይቀርም።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ረቡዕ ረቡዕ በፊዚክስ ላብራቶሪ ተገናኝተናል። የማኮብኮቢያ ቁጥር ከኮምፓስ እንደሚወሰድ፣ ወደ 130 ዲግሪ የሚያመለክተው 13 እንደሚባል ተማርን። አውሮፕላኖች ሜዳውን በተለምዶ ወደ ግራ እየታጠፉ ዞረው እንደሚያርፉም አየን። ሁለት ስብሰባ በመብራት መጥፋት ቀረ። ኤርፖርት ለመጎብኘት ደብዳቤ አስገብተን እስካሁን መልስ የለም።

የሚያዝያዋን ቅዳሜ ግን እንዲህ በአጭሩ ማለፍ አልችልም።

ልጆቹ የኩዊንሲን አደጋ በተግባር ማየት ፈለጉ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 1996 አመሻሽ ላይ ነው፤ ቦታው በኢሊኖይ ግዛት ያለው ታወር አልባ ኤርፖርት። ቢችክራፍት 1900 የተባለ የመንገደኞች አውሮፕላን በማኮብኮቢያ 13 ሊያርፍ እየመጣ ነበር። ይህን በሚያቋርጠው ማኮብኮቢያ 04 ላይ ደግሞ ኪንግ ኤር የተባለ ሌላ አውሮፕላን ሊነሳ ቆሟል፤ ከኋላው ቼሮኪ የሚባል አንድ ትንሽ አውሮፕላን አለ። የቢችክራፍቱ ካፒቴን ኪንግ ኤሩ ይጠብቃት እንደሆነ በሬዲዮ ጠየቀች። የመለሰው ግን የቼሮኪው ፓይለት ነው፤ እየጠበቀ መሆኑን ተናገረ። የመልሱን ከፊል በራሷ ኮክፒት ውስጥ ያለው የከፍታ ማስጠንቀቂያ ድምፅ ሸፈነው። እሷም ኪንግ ኤሩ የመለሰላት መስሏት አረፈች። ሁለቱ አውሮፕላኖች መስቀለኛው ላይ ተጋጩ። ሰው ቶሎ ደርሶ ነበር፤ የቢችክራፍቱ በር ግን አልከፈት አለ። በሁለቱም የነበሩት 14 ሰዎች በሙሉ ሞቱ።

የእኛ ግቢ ኮብልስቶን ስለሆነ ኳስ ተጫዋቾች ሳይመጡ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቀበሌው ሜዳ ደረስን። በስልክ ኮምፓስ እየለካን ሁለቱን ማኮብኮቢያ በኖራ አሰመርን። ሦስት ዎኪ ቶኪ ከአንድ ወላጅ ተውሰናል። አንድ ልጅ ፊሽካ ይዞ ማስጠንቀቂያውን ሆነ። ካፒቴኗን የሆነችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ አይቻት አላውቅም።

ጠየቀች። ከኋላ የቆመው ልጅ መለሰ፣ ፊሽካው ተነፋ፣ እሷም በመስመሩ ሮጠች። መስቀለኛው ላይ ስትደርስ ኪንግ ኤሩ ፊቷ ድቅን አለ። ጫማዋ በኖራ ነጭቶ ባለችበት ቆመች። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ጠይቄያለሁ። መልስም ሰምቻለሁ» አለችኝ። ምን እንደምላት ጠፋኝ።

ቀጣዮቹን ዙሮች የመራችው እሷ ናት። የጠራሁት አውሮፕላን ራሱ ስሙን ጠርቶ ካልመለሰ እንደገና እጠይቃለሁ፣ ዝም ካለ አላርፍም አለች። የሚነሳውም መስመሩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማረፊያውን ግራና ቀኝ እንዲያይ አዘዘች። በአራተኛው ዙር የኪንግ ኤሩ ዎኪ ቶኪ ባትሪ አለቀ። ይህ በልምምዱ ውስጥ አልነበረም፤ አሮጌ ስለሆነ ነው። ሁለት ጊዜ ጠራችው። ዝም። ቀና ብላ መስመሩ ውስጥ ሲገባ አየችው። «አላርፍም፣ ዞሬ እመጣለሁ» ብላ ከመስመሩ ወጣች። ልጆቹ በጭብጨባ ሜዳውን አናወጡት።

የዓመቱ በጀታችን ለኖራና ለፎቶ ኮፒ እንኳ አልበቃም። ለስፖርት ማልያ በየዓመቱ ገንዘብ ይገኛል፤ ደስ ይለኛል፣ ለእኛም ትንሽ ይታሰብ። ወመተህን (የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረትን) የምንጠይቀው አራት ዎኪ ቶኪ ከነቻርጀራቸው ነው። የተዋስናቸውን መልሰናል። ካፒቴናችን ለመስከረም አዳዲስ አባላት መመዝገብ ጀምራለች፤ ስም ዝርዝሩ እሷ ጋ ነው።