ለልጄ፦ በ10 ዶላር ስለተገዛው ቡድን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሽሮውን አዘጋጅታልሻለች፤ በዚህ ሳምንት ይላካል።

ባለፈው ስልክ ላይ ስለምትማሪበት የኒው ዮርክ ግዛት ከተማ "አባዬ፣ ሮቸስተር እኮ የሞተ ከተማ ነው፤ ኮዳክን የመሰለ የካሜራ ፋብሪካ ከወደቀ ወዲህ ምን ቀረው?" ያልሽኝ ነገር ከነከነኝ። እዚያው ልመልስልሽ አሰብኩና አንቺ እንደሁ ሁሌ ክላስ አለብሽ። ስለዚህ ልጻፍልሽ። ወሬው ስለ ቤዝቦል ነው፤ እሱን ስታዪ እንዳትዘጊው።

እኔ ይሄን ጨዋታ የለመድኩት ፈልጌው አይደለም። ዲሲ፣ ናሽናልስ የሚባለው የዋሽንግተን ቤዝቦል ቡድን ስታዲየም አካባቢ ፓርኪንግ ስሠራ መኪናው ሁሉ ገብቶ ካለቀ በኋላ ቁጭ ነው። ሬዲዮ ስሰማ ስሰማ ገባኝ። ከዚያማ ሱስ ሆነብኝ። እገሌ ወደ ሮቸስተር ወረደ፣ እገሌ ከሮቸስተር ተጠራ ሲባል የምሰማውም እዚያው ነው። ከ2021 ወዲህ (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ) የናሽናልስ ወጣቶች ትልቁ ሊግ፣ ሜጀር ሊግ፣ ከመግባታቸው በፊት የመጨረሻዋን ደረጃ የሚረግጡት አንቺ ከተማ ነው፤ ሬድ ዊንግስ የሚባለው ቡድን ውስጥ። ጄምስ ውድን ታውቂው የለ? ያ ሁለት ሜትር የሚሆነው፣ የዚሁ የሜሪላንድ ልጅ። በጁላይ 2024 ወደ ዋሽንግተን የተጠራው ከዚያ ነው።

የቡድኑ አሠራር ይገርማል። ተጫዋቹም አሠልጣኙም የዋሽንግተን ናቸው፤ ደመወዛቸውንም የምትከፍለው ዋሽንግተን ናት። ስሙ፣ ትኬቱ፣ ፋንዲሻው ግን የሮቸስተር ነው። ሮቸስተር ደግሞ ስልሽ አንድ ሀብታም እንዳይመስልሽ። ሕዝቡን ማለቴ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ቡድኑ ካርዲናልስ የሚባለው የሴንት ሉዊስ ሜጀር ሊግ ቡድን ንብረት ነበር። ኖርተን ጎዳና ላይ የነበረው ስታዲየም በ1929 የተከፈተውም በነሱ ጊዜ ነው። ስታን ሙዚያል የሚባለው ታላቅ መቺ በ1941 እዚያ ተጫውቶ በዚያው ዓመት ወደ ሴንት ሉዊስ ወጣ። ከ1956 የጨዋታ ዘመን በኋላ ግን ካርዲናልስ በቃን አሉ። ቡድኑንም ሜዳውንም ለሽያጭ አወጡት። እንዲህ ሲሆን መጨረሻው ይታወቃል። ሌላ ከተማ ያለ ባለገንዘብ ይገዛና ይዞት እብስ ይላል።

ሞሪ ሲልቨር የሚባል ነጋዴ ነበር። የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ነበረው። እሱና መሰሎቹ ሰብሰብ ብለው አክሲዮን ማኅበር አቋቋሙና አንዱን አክሲዮን በ10 ዶላር ለሕዝብ አቀረቡ። 8,222 ሰው ገዛ! በ1957 መጀመሪያ ላይ ቡድኑም ስታዲየሙም በከተማው ሰው እጅ ገባ። በ10 ዶላር ሀብታም እሆናለሁ ብሎ የገዛ ያለ አይመስለኝም። ልክ እንደኛ እድር ነው፤ የሚያዋጣው ሰው ትርፍ አያሰላም፣ እንዳይፈርስ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በ1968 ስታዲየሙን በሲልቨር ስም ጠሩት። ከ1997 ጀምሮ ቡድኑ የሚጫወተው መሀል ከተማ በተሠራው አዲሱ ሜዳ ነው። ያንቺ የኮዳክ ሕንፃም ከዚያ ሆነሽ ይታይሻል። የመንገዱን ስም ግን አንብቢው፤ ሞሪ ሲልቨር ዌይ ይላል። ቡድኑን ለብዙ ዓመታት ስትመራ የኖረችው ደግሞ ልጁ ናኦሚ ናት። የአባቷን ነገር አልናቀችም ማለት ነው። (ይሄን ሆን ብዬ ነው የጻፍኩት።)

አሁን አንድ ጨዋታ ልንገርሽ። እኔ ከቤዝቦል ታሪክ ሁሉ የምወደው ይሄን ነው።

ኤፕሪል 18 ቀን 1981፣ ለፈረንጆቹ የፋሲካ ዋዜማ ነው። ሬድ ዊንግስ ሮድ አይላንድ ሄዶ ከፖታኬት ጋር ይጫወታል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ንፋስም አለ። ጨዋታው 9 ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድን ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር) ነው፤ እኩል ከሆኑ አሸናፊ እስኪገኝ ይቀጥላል። ዘጠኙ በ1 ለ 1 አለቀ። ቀጠሉ። 21ኛው ላይ ሮቸስተር አንድ አስቆጠረ። ተመስገን፣ ቤታችን ልንገባ ነው ሲባል የፖታኬቱ ዌድ ቦግስ አቻ የምታደርገዋን መታ። የገዛ ጓደኞቹ ይቀፉት ወይ ይደበድቡት ግራ እንደተጋቡ ኋላ ላይ እሱ ራሱ አውርቷል።

ሊጉ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ጨዋታ የሚያስቆም ደንብ ነበረው። ዳኞቹ በያዙት መመሪያ ላይ ግን ያቺ አንቀጽ ተዘላለች። ስለዚህ ማን ያስቁም? ተጫዋቾቹ የተሰበረ የመምቻ ዱላና የአግዳሚ ወንበር እንጨት በርሜል ውስጥ እያነደዱ ይሞቁ ጀመር። አንዱ የፖታኬት ወርዋሪ ተራው አልቆ ሌሊት ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የት ነበርክ አለችው። ጨዋታ ላይ ሲላት በጭራሽ አላመነችውም። እውነቷን ነው፣ ማን ያምናል? በመጨረሻ የሊጉ ፕሬዚዳንት በስልክ ተገኝቶ አቁሙ አለ። 32ኛው ኢኒንግ አልቆ፣ በአበሻ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ሆኗል። ሲጀመር ከ1,700 በላይ ተመልካች ነበር። እስከዚያች ሰዓት የቆዩት 19 ናቸው።

ለሮቸስተር ሦስተኛ ቤዝ (ሯጩ ከሚረግጣቸው ማዕዘኖች ሦስተኛው) ላይ ቆሞ ያነጋው የ20 ዓመት ልጅ ማን መሰለሽ? ካል ሪፕከን። ያ ኋላ ለባልቲሞር 2,632 ጨዋታ በተከታታይ አንድ ቀን ሳይቀር የተጫወተው። ያኔ ሬድ ዊንግስ የባልቲሞር ኦሪዮልስ ተጫዋቾች ማሳደጊያ ነበር።

ጨዋታው በጁን 23 ካቆመበት ቀጠለና በ18 ደቂቃ አለቀ። ሮቸስተር 3 ለ 2 ተሸነፈ። ሪፕከንና ቦግስ ሁለቱም የታላላቆቹ መዝገብ፣ ሆል ኦፍ ፌም፣ ገቡ። የመጨረሻዋን ኳስ መትቶ ፖታኬትን ያሸነፈው ዴቭ ኮዛ ግን ሜጀር ሊግ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። ስለዚህ ሜዳ ስትገቢ ሁሉም ነገ ዲሲ የሚመጣ እንዳይመስልሽ። አብዛኛው የሚጫወተው ያችኑ ማታ ነው።

ፖታኬት ዛሬ ያ የቤዝቦል ቡድን የላትም፤ ከ2020 በኋላ ወደ ዉስተር ወሰዱት። ካንቺ አንድ ሰዓት ተኩል የምትርቀው ሲራክዩስም እንደናንተው የሕዝብ ቡድን ነበራት። በ2017 ባለአክሲዮኖቹ ድምፅ ሰጥተው ለኒው ዮርክ ሜትስ ሸጡት። አልፈርድባቸውም፤ ገንዘብ በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ እምቢ ማለት ከባድ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ሜጀር ሊግ በሥሩ የነበሩትን 160 ቡድኖች ወደ 120 ቀነሳቸው። ከ2003 ጀምሮ ወጣቶቹን ሮቸስተር ያሳድግ የነበረው የሚኔሶታ ሜጀር ሊግ ቡድንም ያኔ ጥሎ ሄደ። እንዲህ ነው ናሽናልስ የመጣው። ባለቤቶቹ ግን አሁንም እነዚያው ናቸው። የሞተ ከተማ ያልሽኝ ይሄን ነው።

ፍልሰታ ሲፈታ እኔና እናትሽ እንመጣለን። ሰኞ ሰኞ ጨዋታ ስለሌለ ለቅዳሜ ትኬት ቁረጪልን፤ በሦስተኛ ቤዝ በኩል ይሁን። ያ የከተማሽ ሰው የሚኮራበት ሳህን አለ አይደል፣ ድንቹም ማካሮኒውም በርገሩም የስጋ ሶሱም አንድ ላይ የሚከመርበት? ቡድኑ እኮ አንዳንድ ቀን ስሙን ለውጦ "ፕሌትስ" ተብሎ ይጫወታል፣ ለሱ ክብር። እኔ እቀምሰዋለሁ። ለእናትሽ ግን በሆት ዶግም እንደሚሠራ እንዳትነግሪያት፤ የአሳማ አለበት ወይ እያለች ዘጠኙን ኢኒንግ ታስጨርሰናለች።

አባትሽ