ፓወርቦሉን አልቆርጥልህም

ማሙሽዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማዬ፣ አባባ፣ ሁሉም ደህና? እኔ ደህና ነኝ፣ ብርዱ ነው እንጂ። በእረፍት ሰዓቴ ስለምጽፍ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ድምፅህን ሰምቼ ዝም ያልኩህ ተናድጄ ነው። «ለኔ የምትልኪውን ተይና እዛው ፓወርቦል የሚሉትን ሎተሪ ቁረጪበት፣ ከወጣ ለሁለት» አልከኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ። በኋላ ስራ ላይ ሆኜ ሲያንገበግበኝ ዋለ። ያንን ትኬት የምሸጠው እኮ እኔ ነኝ! እዚህ ቨርጂኒያ ነዳጅ ማደያ ሱቅም ነው፣ ሎተሪ መሸጫም ነው።

አንድ ሰውዬ አለ፣ ግንባታ ላይ የሚሰራ። ደሞዝ በተቀበለ ቁጥር ጫማው ሲሚንቶ እንደያዘ ይመጣል። የሚፋቀውን ሎተሪ ይገዛና እዛው ባንኮኒዬ ላይ በሳንቲም ይፍቃል፤ ብናኙን የምጠርገው እኔ። አንዳንዴ 20 ዶላር ይወጣለታል። እሰይ ብዬ ልሰጠው ስል «በሱው ሌላ ስጪኝ» ይላል። ይፍቃል። ባዶ። ቤቱ ሲገባ የሚያወራው ግን የወጣለትን 20 ይመስለኛል። አንተም ስለደረሰህ እንጂ ስለተቃጠለብህ አውርተህ አታውቅም።

ፓወርቦል አንዱ ትኬት 2 ዶላር ነው። ትልቁን ዕጣ የማግኘት ዕድሉ ከ292 ሚሊዮን አንድ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ በሙሉ፣ ጡት የሚጠባው ሳይቀር፣ ሁለት ሁለት ቢቆርጥና የማንም ቁጥር ከማንም ባይገጥም እንኳ ላይወጣ ይችላል። ለሽልማት የሚመለሰው ደግሞ ከሽያጩ ግማሽ ያህሉ ነው። ያ በፈረንጆቹ 2022 ካሊፎርኒያ ላይ የወጣው 2.04 ቢሊዮን ዶላር የሚባለውም በ29 ዓመት ውስጥ እየተከፋፈለ የሚከፈል ነው። አሁኑኑ ስጡኝ ላለ 997.6 ሚሊዮን ነበር፣ ያውም ታክስ ሳይነካው። ያም ብዙ ነው ትለኛለህ። ነው። ያንተ አይደለም እንጂ።

«አንቺስ በሎተሪ አይደል የሄድሽው?» ያልካት ደግሞ አንጀቴ ውስጥ ናት። አዎ፣ በዲቪ ነው። ግን ስሞላ ከኢንተርኔት ቤቱ ልጅ በቀር ማንም ሳንቲም አልወሰደብኝም። በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ ይሰጥበት ነበር፣ ለአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። የደረሰኝም ቪዛ እንጂ ብር አይደለም። ብሩን እዚሁ ቆሜ ነው የማመጣው። እግሬ ትንሽ ያብጣል፣ ሌላ ምንም የለብኝም፣ ለእማዬ እንዳትነግራት።

እሷስ ስኳሯን ትለካለች? በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነኝ» ነው መልሷ፣ እኔም ያንኑ ነው የምላት፤ እንዲሁ ስንሸነጋገል አለን። ልብስህን ስታጥብ ኪስህ ውስጥ የሟሟ የሎተሪ ወረቀት እንዳገኘች ነግራኛለች። እየሳቀች ነው ያወራችኝ፣ ግን አውቃታለሁ።

ሽማግሌ የመጣ ቀን የቀረጻችሁትን ቪዲዮ ስንቴ እንዳየሁት። አባባ ጋቢውን ደርቦ «ልጅቷን ጠይቀን እንነግራችኋለን» ሲል፣ ሚጡ ከጓዳ በር ጀርባ አፏን ይዛ ስትስቅ። ሙሽራ ስትሆኚ ቀሚስሽን የማለብስሽ እኔ ነኝ እያልኩ ነበር ያሳደግኳት። አሁን ማን ሊያለብሳት ነው? የጎረቤት ልጅ። እንዲህ ሳስብ አንዳንዴ ያንተን ፓወርቦል ልቁረጠው ያሰኘኛል፣ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጬ መምጣት ባልችልም።

ጌሾው ተገዛ? ድንኳኑስ? ጠላውን እማዬ ብቻዋን እንዳትጠምቅ፣ ሰው ቅጠሩላት።

ያንተን ድርሻ ከድንኳኑ ቀብድ ጋር በሚጡ ስም ልኬዋለሁ። ተቆጣ ከፈለግክ፤ ታላቅህ ነኝ፣ እችለዋለሁ። ከሷ ተቀብለህ መጀመሪያ የእማዬን የስኳር መለኪያ ወረቀት ግዛ፣ የተረፈው ያንተ ነው። ለሰርጉ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፣ የጫማ ቁጥርህን ዛሬውኑ ላክልኝ፣ ጥቁር ነው ቡኒ የምትፈልገው?

እህትህ