ለወፍ የተከልኩት ወይን

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው እሁድ «ለወፍ ብለሽ ነው ወይን የተከልሽው?» ስትይኝ ስልኩ ተቋረጠ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

የሳክራሜንቶ ዝናብ ከጎንደር ተገልብጦ ነው። እናንተ ሐምሌ ላይ ጋቢ ደርባችሁ ጭቃ ስትረግጡ እዚህ ጠብታ የለም። ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። ዝናብ ደህና አድርጎ የሚመጣው ከኅዳር ወዲህ ነው። በፈረንጆቹ 2015 ድርቁ ሲጠና የካሊፎርኒያ ግዛት ገዥ የከተማ ውሃ ፍጆታ በ25 በመቶ እንዲቀንስ አዘዙ። የሰፈሩ ሣር ሁሉ ቢጫ ሆነ። እኔ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊት ተነስተን ጀሪካን የምንሞላው ትዝ አለኝ። ያኔ ነው ሣሩን ነቅዬ የዚሁ አገር ተክል ልትከል ያልኩት።

ወይኑ የካሊፎርኒያ የዱር ወይን ነው፤ በየወንዙ ዳር ዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚያድግ። እንደ ኮሶ ወንዴና ሴቴ አለው። ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያውን ከአንድ ሻጭ ገዛሁ። ሦስት ዓመት አጥሩን አለበሰው፤ አበባም አወጣ፤ ፍሬ ግን የለም። ለካ ወንዴ ኖሯል! በጣም አዘንኩ።

በኋላ አንድ ጎረቤቴ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ከምታፈራው ሐረጋቸው ቆርጠው ሰጡኝ። ጥር ላይ ነው፣ ቅጠሏ ረግፎ ሳለ። እርሳስ የምታክል፣ አራት አንጓ ያላት እንጨት ናት። ሁለቱን አንጓ አፈር ውስጥ ቀበርኩ፤ ሁለቱን ከላይ ተውኩ። መጋቢት ላይ አቆጠቆጠች። ወንዴውንም አልነቀልኩትም፤ ያለ እሱ እሷም አታፈራም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋ በየሁለት ሳምንቱ፣ ቧንቧውን ቀስ አድርጌ ከፍቼ፣ አፈሩ ወደ ውስጥ እስኪርስ አጠጣኋት። በየቀኑ ላይ ላዩን ካጠጣሻት ሥሯ እዚያው ላይ ይቀራል። ሥሯን ጉዝጓዝ አለበስኩት። አሁን በጋውን ሙሉ አንዴ ሁለቴ ብቻ ነው የማጠጣት። መድኃኒት አልረጭም፤ ንቡም ወፉም ይመጣል። ዳስ ሠርቼላታለሁ፤ በሙቀቱ ወራት መስኮቴን ታጠላለች፣ በብርዱ ቅጠሏን አራግፋ ፀሐይ ታስገባለች።

ፍሬዋን ብታዪ ከሽምብራ እምብዛም አትበልጥም። ጥቁር ሐምራዊ ሆና አመድ የተነሰነሰባት ትመስላለች። ቀመስኳት፤ ትጣፍጣለች፣ ግን ዘር በዘር ናት። መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ቡና ይዤ ቆሜ፣ አንዲት ግራጫ ወፍ ዘለላው ላይ ተንጠልጥላ ፍሬ ነጠቀች። ዋጠችና ምንቃሯን ሽቦው ላይ ግራ ቀኝ አበሰች። ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ አየኋት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንሳለም ወፎቹ ዛፉ ላይ ሲንጫጩ «እነሱም ማኅሌት ላይ ናቸው» ትይኝ አልነበር? እሱ ነው ትዝ ያለኝ። ለወፍ መትከሉን ካንቺ ነው የተማርኩት እማዬ።

አሁን ልመናዬን ስሚኝ። ታናሼ የጓሮውን ዋንዛ ቆርጦ ክፍል ሊሠራ እንደሆነ ነገረኝ። አደራሽን አስቁሚው። ፍሬው ሲበስል ጣታችን እየተጣበቀ ስንለቅም ወፎቹ ከላይ፣ እኛ ከታች ነበርን። ያን የሚያክል ዛፍ ቆርጦ መልሶ ማግኘት የለም። ክፍሉን በበሩ በኩል ይሥራ፤ በዚያ በኩል ድንጋዩን ለማስነሣት የሚያስፈልገውን ብር እኔ እልካለሁ። ይኸንንም ለእሱ በቀጥታ እጽፍለታለሁ፣ ግን ያንቺን ቃል አይጥስም።

ዋንዛው አበባ ሲያወጣ ሥሩ ተቀምጠሽ ፎቶ ያንሳሽና ይላክልኝ።

ናፋቂ ልጅሽ