የተጨማደደው አተር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሽምደዳ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ጣታቸውን የቀሰሩት ተማሪው ላይ ብቻ ነው። የጄኔቲክስ፣ ማለትም የዘር ውርስ ሳይንስ፣ አስተማሪ ነኝና የእኔንም ድርሻ ልናገር።

አንድ ቀን የዘር ውርስን በአተር ያጠናው ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ካሳተመው ውጤት ሁለት ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ ከድቡልቡልና ከተጨማደደ አተር ድቅሎች የተገኙ 5,474 ድቡልቡል አተር፣ 1,850 የተጨማደደ። «አካፍሉት» አልኩ። 2.96 መጣ። ሦስት ለአንድ ብለው ጻፉ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ድቡልቡሉ ለምንድነው የሚያሸንፈው?»

«ዶሚናንት ስለሆነ ነዋ።»

«ዶሚናንት ምን ማለት ነው?»

«የሚያሸንፈው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም።

የሚያናድደው መልሱን ማወቄ ነው። የተጨማደደው አተር ስታርችን (ከስኳር የሚሠራውን የፍሬውን ስንቅ) ቅርንጫፍ የሚያስወጣ አንድ ኢንዛይም፣ ማለትም ሥራውን የሚያቀላጥፍ ፕሮቲን፣ ይጎድለዋል። ኢንዛይሙን የሚያሠራው የዘር መመሪያ፣ ጂኑ፣ መሃል 800 ፊደል ገደማ የሚሆን የዲኤንኤ ቁራጭ ተሰንቅሮ አበላሽቶታል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የታወቀ ነው። ስታርቹ ሲያንስ ስኳሩ ይበዛል፣ ስኳሩም ውሃ ይስባል። በውሃ የተወጠረው ፍሬ ሲደርቅ ቆዳው ይሰፋውና ይኮማተራል። ከሁለቱ ወላጆች ከሚወረሱት ሁለት የጂኑ ቅጂዎች አንዱ ደህና ከሆነ ግን ፍሬው ድቡልቡል እንዲሆን የሚበቃ ኢንዛይም አለ። አሸናፊም ተሸናፊም የለም፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም። ይህንኑ በሌላው ሴሚስተር፣ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ላይ፣ የሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ምሳሌ አድርጌ አስተምራለሁ። ሁለቱን ኮርሶች አገናኝቼ ግን አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ የአተሮቹን ስታርች ማይክሮስኮፕ ሥር አየን። የድቡልቡሉ ቅንጣት ሞላላና ሙሉ ነው። የተጨማደደው ስንጥቅጥቅ ያለ ነው። በዓይን ሲታይ ድቡልቡል የሆነው የሁለቱ ድቅል እዚህ መሃል ላይ ወደቀ። ያቺው ልጅ ዓይኗን ከሌንሱ ሳትነቅል፣ «ታዲያ ዶሚናንትነቱ በምን ስናየው ነው?» አለች። ይህን ጥያቄ እኔ በተማሪነቴ አልጠየቅሁም።

ዘንድሮ ከፈተናው «ትርጉሙን ጻፉ» የሚለውን አወጣሁት። በምትኩ «አንድ ደህና ቅጂ ብቻውን ባይበቃስ፣ ዶሚናንት የሚሆነው የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። እርማቱ ወገቤን ቆርጦታል። አንዱ ወረቀት ላይ «ደህናው» ተብሎ ተጽፏል፣ ተሰርዟል፣ እንደገና ተጽፏል፣ እንደገና ተሰርዟል። ከሥሩ በደቃቃ ፊደል «የተበላሸው፤ ለካ!» ይላል።

አንድ የጄኔቲክስ መምህር