የአዝማሪ ቤቱ ሲዘጋ ክፍሉም አብሮ መጥፋት የለበትም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በ2017 ዓ.ም. ነባሩ የካዛንቺስ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ሲነሣ የሰፈሩ አዝማሪ ቤቶችም አብረው ተነሡ። ከነሱ ውስጥ በአገርም በውጭም ስሙ የናኘው ፈንድቃ ነበር። ውዝዋዜው የሚታወቀው መላኩ በላይ ያሳደገው፣ ኢትዮከለር የተባለው ባንድ የተጫወተበት፣ በአንድ ግቢ ማሲንቆን፣ ጃዝን፣ ሥዕልንና ግጥምን ያገናኘ ቤት ነው። በቤቶቹ መዘጋት ያዘነው ሰው ብዙ ነው፤ ሐዘኑም ተገቢ ነው። እኛ በድምፅና በመድረክ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች ግን አንድ ነገር ሲነገር አልሰማንም። የተዘጋው ድርጅት ብቻ ሳይሆን ክፍሉ ጭምር ነው። አዝማሪውም ማሲንቆውም ወደ አዲስ ሕንፃ ይገቡ ይሆናል። ክፍሉ በልኩ ካልተሠራ ግን ጨዋታው አይሰማም።

የካዛንቺሱን ዓይነት አዝማሪ ቤት መሐንዲስ አልነደፈውም፤ መኖሪያ ቤት ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ ከቆርቆሮው ሥር የተወጠረ አቡጀዲ ኮርኒስ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍና ቄጠማ፣ ግድግዳውን ተከትሎ የተደረደረ በርጩማ። አንዱም ለሙዚቃ ተብሎ አልተደረገም፤ ግን ሁሉም ለሙዚቃው ያገለግል ነበር። አቡጀዲው ከበላዩ ባዶ አየር ስላለ ቀጭኑን ድምፅ ይመጥጣል። ጠጋ ጠጋ ብሎ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ከማንኛውም መጋረጃ በላይ ድምፅ ይውጣል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ የበለጠ ይገባል። 8 ሜትር በ6 ሜትር ሆኖ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል 144 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። 40 ሰው ሲቀመጥበት የሰዎቹ፣ የኮርኒሱ፣ የምንጣፉና የግድግዳው ድምፅ የመምጠጥ አቅም ተደምሮ ድምፅን ሙሉ በሙሉ የሚውጥ 45 ካሬ ሜትር ገደማ ገጽ ያህል ይሆናል። በድምፅ ሙያ የተለመደውን ቋሚ ቁጥር 0.161ን በ144 አባዝቶ ለ45 ማካፈል ነው፤ ውጤቱ ግማሽ ሰከንድ ያህል ነው። አዝማሪው ዝም ካለ በኋላ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ እየተንከባለለ የሚቆየው ለዚህን ያህል ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው። ለንግግር የሚሠራ ክፍል የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

አዝማሪ ቤት ደግሞ ከምንም በፊት የንግግር ቤት ነው። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ቃል ሳያጎድል በዜማ ይመልሰዋል፤ ከዚያ የራሱን ይጨምርበታል። ወርቁ ብዙ ጊዜ የተሸሸገው በማጥበቅና በማላላት ነው። «አለ» ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ምላስ ለቅጽበት ረዘም አድርጋ መያዟ ነው። ድምፅ በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ የቀደመው ፊደል ጭራ ይቺን ቅጽበት ይሞላትና የጠበቀውና የላላው አንድ ይሆናሉ። ታዳሚው ዜማውን ሰምቶ ቅኔው ያመልጠዋል። ሳቁ ዘግይቶና ተቆራርጦ ይመጣል፤ አዝማሪውም «የዛሬ እንግዳ አይገባውም» ብሎ ወደ ተለመዱት ስንኞች ይመለሳል። ጥፋቱ የእንግዳው አይደለም።

አሁን በየሕንፃው የሚሠራውን አዳራሽ እንይ። 15 ሜትር በ10 ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር ተኩል፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ አንዱ ወገን መስታወት፣ ሌላው ልስን፣ ኮርኒሱም ያው የኮንክሪቱ ሶሌታ ነው። 675 ሜትር ኩብ አየር አለው፤ ድምፅ የሚመጥጥ ነገር ግን የለውም ማለት ይቻላል። ባዶውን ሲለካ ሰባት ሰከንድ ሊጠጋ ይችላል፤ 100 ሰው ገብቶበት እንኳ ከአንድ ከሦስት ሩብ ሰከንድ በታች አይወርድም። እዚያ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል፤ ስንኝ ግን አይቀበሉበትም። ወደ 0.7 ሰከንድ ለማውረድ ከታዳሚው ሌላ 105 ካሬ ሜትር ያህል ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የድንጋይ ሱፍ ወይም መሰል ነገር ያስፈልጋል፤ ይህም የኮርኒሱ ሁለት ሦስተኛ ነው። ላዩን በአቡጀዲ ወይም በሽመና ጨርቅ መሸፈን ይቻላል፤ ያምራልም። ስስ ስፖንጅ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን አይረዳም። የሚመጥጠው የላይኛውን ቀጭን ድምፅ ብቻ ስለሆነ ከበሮው እንደጮኸ ይቀራል፤ የአዝማሪው ድምፅ ደግሞ ይታፈናል። የእንቁላል ካርቶን ከናካቴው የማይረባ ከመሆኑም በላይ እሳት ይስባል።

አዳራሹ አልሰማ ሲል ባለቤቱ የሚወስደው የመጀመሪያ እርምጃ ሞንታርቦ መግዛት ነው። ይህ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ድምፁ በጨመረ ቁጥር ማስተጋባቱም አብሮ ይጨምራል። ማሲንቆ ደግሞ ማይክሮፎን የሚያስቸግር መሣሪያ ነው። ገበቴው በቆዳ የተወጠረ ስለሆነ ከሞንታርቦ የሚመጣውን ድምፅ ራሱ ተቀብሎ መልሶ ለማይክሮፎኑ ይሰጣል፤ ያ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት የሚመጣው ከዚህ ነው። ማጉላት ግዴታ ከሆነ ማይክሮፎኑን ከቆዳው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አርቆ፣ ደጋኑ ከሚሄድበት መስመር ትንሽ ገለል አድርጎ ማቆም ነው። ሞንታርቦው ከአዝማሪው ፊት ሆኖ ጀርባውን ለማይክሮፎኑ መስጠት አለበት። ሚክሰሩ ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ መቁረጥ፣ ከዚያ ፉጨቱ የሚነሣበትን አንድ ነጥብ ፈልጎ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ቆዳው ላይ የሚለጠፈው ትንሽ መቀበያ ፉጨቱን ይቀንሳል፤ ግን የደጋኑ የፈረስ ጭራ የማሲንቆውን ጭራ ሲፍቅ የሚሰማውን ሻካራ ትንፋሽ ይገድለዋል። የማሲንቆው ውበት ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ እኛ አንመክረውም።

ቆዳው ሌላም ጠባይ አለው። ክረምት ላይ እርጥበት ሲጠጣ ይረግብና ቅኝቱ ይወርዳል፤ ለዚህ ነው አዝማሪ ከመጀመሩ በፊት ማሲንቆውን ከሰል ዳር ሲያሞቅ የሚታየው። በአዲሱ አዳራሽ ደግሞ የማቀዝቀዣው ደረቅ አየር በቀጥታ ከተነፈሰበት ቆዳው ይወጠርና ቅኝቱ በየዘፈኑ መሀል ወደ ላይ ይሸሻል። ከክራር ጋር በባቲ ቅኝት ሲጫወቱ ሁለቱ ካልተስማሙ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። የአየሩ መውጫ ከመድረኩ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። የማሽኑ ጩኸትም ይታሰብበት፤ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሲለካ ከ35 ዴሲቤል ከበለጠ ዝግ ብሎ የሚባለውን ስንኝ ይውጠዋል።

ስለ መብራት የሚጠይቅ የለም፤ በእኛ አመለካከት ግን ከድምፁ እኩል ነው። አዝማሪ ስንኝ የሚፈጥረው ከሚያየው ነው፦ ከእንግዳው ኮት፣ ከሹሩባው፣ አጠገቡ ከተቀመጠችው፣ ካፈረው ፊት። መድረኩ ላይ ኃይለኛ መብራት ተክሎ ታዳሚውን ጨለማ ውስጥ ማስቀመጥ ለኮንሰርት ይሆናል፤ አዝማሪውን ግን ዓይኑን ማሰር ነው። መብራቱ ከጎንና ከላይ ይምጣ፤ ታዳሚው ፊት ላይም ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን ይድረስ። ፊት ከ6 ሜትር ርቀት መለየት አለበት። መድረኩም ከፍ አይበል፤ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ ባይኖርም ይሻላል። ወንበሩ ዝቅ ያለ ሆኖ ግድግዳውን በሦስት ወገን ይዙር፤ መሀሉ አዝማሪው እየተዘዋወረ የሚያልፍበት 2 ሜትር ክፍት ይሁን። ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። አዝማሪው ከ4 ሜትር ወደ 1 ሜትር ሲጠጋ ያለ ምንም ማጉያ 12 ዴሲቤል አገኘ ማለት ነው። መዘዋወሩ ልማድ ብቻ እንዳይመስለን።

እስክስታ ያለበት ቤት ወለሉንም ማሰብ አለበት። ሶሌታ ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ሴራሚክ የተወዛዋዥን ጉልበትና ቅልጥም ይጎዳል። 4 ሜትር በ3 ሜትር ለምትሆን መጨፈሪያ 5 በ7 ሞራሌ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ደርድሮ፣ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ አስገብቶ፣ ላዩን 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ በድርቡ ማልበስ ነው። የመጀመሪያው ድርብና ሁለተኛው መጋጠሚያቸው አንድ ቦታ ላይ እንዳይውል መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ይኸው ላስቲክ ሌላም ጥቅም አለው። ባለብዙ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ጎረቤትን የሚያስመርረው ከበሮውና የእግሩ ምት ነው፤ እሱም የሚሄደው በአየር ሳይሆን በሶሌታውና በዓምዱ ውስጥ ነው። ግድግዳ ማወፈር አያስቆመውም። ወለሉን ከሕንፃው በላስቲክ መለየት፣ ከበሮውንም በዚያው ወለል ላይ ማስቀመጥ ያሻል። መግቢያው ላይ ሁለት በር በ1 ሜትር ተኩል ልዩነት ይኑር፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው ዝግ ይሁን። በአየር የሚሄደው ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው በግድግዳ ሳይሆን በበር ነው።

ስለ እሳትም እንናገር። ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረውን ጃዝአምባ የተባለ የሙዚቃ ቤት ያጣነው ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በደረሰው ቃጠሎ ነው፤ የዘመን ጠገቡ ሆቴል አካልም አብሮ ነደደ። የዚያ እሳት መነሻ ምንም ይሁን ምን፣ በአሮጌ እንጨት ቤት ሙዚቃ የሚያስተናግድ ሁሉ ለድምፅ ዕቃው፣ ለመብራቱና ለወጥ ቤቱ የተለያየ መስመርና የተለያየ ብሬከር ያድርግ። መብራትና ድምፅ በአንድ መስመር ሲሆኑ እርርር የሚል ጩኸት ሞንታርቦው ውስጥ ይገባል፤ ያ ጩኸት ሲሰማ ገመዱም መታየት አለበት። ማራዘሚያ ላይ ማራዘሚያ መሰካት ይቅር። ወደ ውጭ የሚከፈት ሁለተኛ በር ይኑር፤ በርጩማም አይደርደርበት።

ገቢውም በክፍሉ ይወሰናል። አዝማሪ ግንባሩ ላይ በሚለጠፍለት ሽልማት ይኖራል። ሽልማቱ የሚሠራው ሰው ሁሉ ስለሚያየው ነው፤ አንዱ ሲሸልም ሌላው ይነሣሣል፤ የተሸለመበት ስንኝም ይረዝማል። አሁን እንግዳው ጥሬ ብር አይዝም። በቴሌብር የሚላከውን ደግሞ ከላኪና ከተቀባይ በቀር የሚያይ ስለሌለ ጨዋታው አይጋጋልም። ቤቱ ካውንተሩ ላይ ባለ 50ና ባለ 100 ብር ዝርዝር አዘጋጅቶ በቴሌብር ለከፈለ ቢመነዝር ችግሩ ይቃለላል። ከሽልማቱ ላይ ቤቱ ድርሻ የሚወስድ ከሆነም አስቀድሞ በግልጽ ይነገር። በአዲሱ ሕንፃ ኪራዩ በካሬ ሜትር ስለሆነ ባለቤቱ ወንበር ለመጨመር ይፈተናል። ከ60 ሰው በላይ ከሆነ አዝማሪው ሁሉንም አይደርስም፤ ማጉያ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ዓይነት ቤት ነው። በሌሊት ሁለት ዙር ማስገባት አዳራሽ ከማስፋት ይሻላል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። በሚለሙት ሰፈሮች የባህል ቦታ ሲታሰብ አንድ ትልቅ አዳራሽ ከመሥራት ይልቅ ከ50 እስከ 70 ካሬ ሜትር የሆኑ ትንንሽ ክፍሎች በምድር ቤት ወለል ይተዉ፤ ወለሉም አፈር ላይ ያረፈ ይሁን፤ እንዲህ ከሆነ የከበሮው ምት ወደ ፎቅ ብዙም አይወጣም። ኪራያቸው ከባንክና ከቡቲክ ጋር በጨረታ አይወዳደር። ንድፉ ከመጽደቁ በፊት አንድ የድምፅ ባለሙያና አንድ አዝማሪ ይዩት።

በሌሎች ሰፈሮች እስካሁን የሚሠሩትን ቤቶች ደግሞ ሳይነሡ በፊት መለካት ይገባል። ለአንድ ቤት ግማሽ ቀን ይበቃል። ርዝመት፣ ስፋትና የኮርኒስ ቁመት በሜትር፤ የግድግዳው፣ የኮርኒሱና የወለሉ ዓይነት፤ የበርጩማው ቁመትና አደራደር፤ አዝማሪው የሚቆምበትና የሚዞርበት መንገድ በእርሳስ ተሥሎ ይያዝ። ከዚያ ክፍሉ ባዶ ሳለ አንድ ፊኛ አዝማሪው በሚቆምበት ቦታ ይፈንዳ፤ ድምፁ ታዳሚ በሚቀመጥባቸው አራት ቦታዎች በጥሩ መቅጃ ይቀረጽ። ስልክ ከሆነ ድምፅን በራሱ የሚያስተካክለው አሠራር ይጥፋ፤ አለበለዚያ ጭራው ይቆረጣል። ማታ ደግሞ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ጭብጨባው በዚያው ቦታ ይቀረጽ። ከነዚህ ቅጂዎች የክፍሉን ጠባይ አውጥቶ አዲሱን በዚያ ልክ መሥራት ይቻላል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የኪነ ሕንፃ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ቢይዙት ወጪው ሜትር፣ መቅጃና አንድ እሽግ ፊኛ ነው፤ ሥራውም የሚመጣው ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ቆዳውም ግድግዳውም ደረቅ ሳለ ቢጀመር ጥሩ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በድምፅና በመድረክ ዝግጅት ሙያ የተሰማሩ፣ ከአዲስ አበባ